የዛፉ ጀርባ

ሬሳው የተገኘው በመሥሪያ ቤቱ አዳራሽ፣ ከገና ዛፉ ሥር በጀርባው ተንጋሎ ነው። በቀኝ እጁ ትልቅ የብርጭቆ ኮከብ ደረቱ ላይ አቅፏል፤ ኮከቡ ጫፉ እንኳ አልተሸረፈም። ሰውየው ተሰብሮ ብርጭቆው መትረፉ ሳጅኑን ክፉኛ ገርሞታል።

«ጉድ እኮ ነው ኢንስፔክተር። ነፍሱን ትቶ ኮከቡን ያዘ።»

 ኢንስፔክተሩን ባልደረቦቹ «ቆቁ» ይሉታል፤ ኮሽ ባለ ቁጥር አንገቱን ያቀናላ። አሁንም አንገቱን አቅንቶ የሚያየው ሬሳውን ሳይሆን ሰውየው የወደቀበትን መወጣጫ ነው። ዛፉ ሁለት ፎቅ ያህላል። ከመግቢያው በር ትይዩ፣ ወደ ግድግዳው ተጠግቶ ቆሟል። መብራቱ ተጠምጥሞለታል፤ ቀይና ወርቃማ ኳሶቹ ከላይ እስከ ታች ተንጠልጥለውለታል። የቀረው ጫፉ ላይ የሚሰካው ኮከብ ብቻ ነበር። ባለጎማው የብረት መወጣጫ ከዛፉ ጎን መቆም ሲገባው ራቅ ብሎ ሄዷል።

ሟቹ የመሥሪያ ቤቱ ሥራ አስኪያጅ ነው። «ያለኔ ይሄ ቤት አንድ ቀን አያድርም» ማለት ስለሚወድ፣ ሠራተኛው ከኋላው «አቶ ያለኔ» ይለዋል። ቤቱ እንግዲህ የመጀመሪያውን ቀን ያለሱ ሊያድር ነው።

ዛፉን የምታቆመው ዲኮር ሠሪ ከምሳ ተጠርታ መጣች። ወፍራም፣ ድምፅዋ ጎላ ያለ ሴት ናት። ሬሳውን አየችና ፊቷን አዞረች።

«ለምሳ ስትወጡ የመወጣጫው ጎማ ተቆልፎ ነበር?» አላት ኢንስፔክተሩ።

«የሁሉንም ፍሬን በእግሬ ረግጬ ነው የወጣሁት። በልጆቼ!»

«እላይ ሆኖ ራሱ ሊፈታው አይችልም?»

«እጁ የዝሆን ኩምቢ ነው እንዴ? ፍሬኑ እታች ጎማው ላይ ነው ያለው። መሬት ላይ የቆመ ሰው በእግሩ ካልመታው ንቅንቅ አይልም።»

«ሰውየው ለምን ወጣ ታዲያ? ኮከቡን የምትሰኩት እናንተ አይደላችሁም?»

ዲኮር ሠሪዋ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ይሄንንስ ጥበቃውን ይጠይቁ። እኔ ከውጭ የመጣሁ ሠራተኛ ነኝ።»

ጥበቃው ከውጭው በር አጠገብ ባለችው ጎጇቸው ተቀምጠዋል፤ ሽማግሌ ናቸው። ከፊታቸው ያለው ስልክ ያለማቋረጥ ይጮሃል፤ እያነሱ «ዝግ ነው! ሰኞ!» ብለው ይዘጉታል።

«አባባ፣ እስቲ የሚያውቁትን ይንገሩኝ» አላቸው ኢንስፔክተሩ።

«የማውቀው የእጁን ማግኘቱን ነው። ጻፉት ከፈለጋችሁ፤ አልፈራም።» ስልኩ ጮኸ፤ ዘጉት። «አምና በዚሁ ሰሞን፣ በዚሁ ዛፍ፣ በዚሁ መወጣጫ የጥገና ሠራተኛችን ወድቆ ሞተ። ጋሽ መላ ነበር የምንለው፤ ለማንም ችግር መላ አያጣምና። ፍሬኑ ተበላሽቷል፣ አልወጣም አለ። አቶ ያለኔ ጮኸበት፤ ወጣ፤ ወደቀ። ምን ተባለ መሰለህ? ሰክሮ ነው! በሕይወቱ ጠብታ ቀምሶ የማያውቅ ሰው! ምስክርም ተገኘ። አፉ ይሸት ነበር ተብሎ ተፈረመ፤ አለቀ።»

«ዘንድሮስ?»

«ዘንድሮማ ፍሬኑ ታደሰ። አቶ ያለኔም ሠራተኛውን ሰብስቦ፣ ‘ያልሰከረ ሰው አይወድቅም፤ ኮከቡን እኔው ራሴ ወጥቼ እሰካለሁ፤ ታያላችሁ’ አለን። የጋሽ መላ ታናሽ ወንድም፣ ኤሌክትሪሻኑ፣ እዚያው ቆሞ ይሰማል።» ሽማግሌው ምራቃቸውን ዋጡ። «ጉረኛው ደግሞ ከፍታ ይፈራል። ለብቻው ሊለማመድ ፈልጎ ነው ቅዳሜን የጠበቀው።»

«ዛሬ ከሰዓት ማን ገባ?»

«እሱ ኤሌክትሪሻኑ ብቻ። ሞካሪ መሣሪያዬን ረስቻለሁ ብሎ ገባ፤ ወዲያው እየሮጠ ወጣ። ሌላ ኮሽታ አልነበረም። ቅዳሜ ከሰዓት መቼም የሕንፃው ስልክ ሁሉ ወደኔ ይዞርና መከራዬን ያሳየኛል። ዛሬ ግን እግዜር ይስጠው፣ ምሳዬን በሰላም ነው የበላሁት። ይኸው ልጁ ሮጦ ከወጣ ወዲህ ነው ጆሮዬን የሚበላኝ።»

ሳጅኑ ሥራው ያለቀ መስሎት ደብተሩን አጠፈ። በእርግጥም ያለቀ ይመስል ነበር። ኤሌክትሪሻኑ ሳይመሽ ከቤቱ ተያዘ።

ቁመቱ ለበር የሚያስቸግር ወጣት ነው። ጣቢያው ውስጥ ሲገባ ጎንበስ ብሎ ገባ፣ ሳይጠየቅ ተቀመጠ።

«በወንድምህ ቀብር ላይ ‘ደሙን ካልመለስኩ ወንድሙ አይደለሁም’ ብለሃል» አለው ኢንስፔክተሩ።

«ብያለሁ። አሁንም እላለሁ።»

«ፍሬኑን ፈታኸው?»

«እኔ ብሆን ደስ ባለኝ። ስገባ ተዘርሮ ነበር።»

«ለምን ሮጥክ ታዲያ?»

ወጣቱ እጆቹን አየ። «ሳቄ መጣ። ሬሳ ፊት ቆሜ ሳቄን መያዝ አቃተኝ። ሰው እንዳያየኝ ሮጥኩ።»

ሳጅኑ ኢንስፔክተሩን አየው፤ ይሄ ልጅ ራሱን በራሱ እያሰረ ነው። ኢንስፔክተሩ ግን ሰውን ሠላሳ ዓመት ያህል ሲመረምር ብዙ ዓይነት ሐሰት ሰምቷል፤ እንዲህ ያለ የሚያሳፍር ሐሰት የሚፈጥር ሰው አጋጥሞት አያውቅም።

በማግሥቱ ጠዋት ሠራተኛው ሁሉ በሕንፃው የስብሰባ ክፍል ተጠርቶ ቃሉን ሰጠ። አልቃሽ አልነበረም። ጸሐፊዋ መሐረብ ይዛ መጥታ ሳትዘረጋው መለሰችው። ሒሳብ ሹሙ «ነፍስ ይማር» ካለ በኋላ ትንሽ አሰበና «ከተቻለ» ብሎ ጨመረ።

የአምናዋ ምስክር የስልክ ኦፕሬተሯ ነበረች። አጭር፣ ጸጥ ያለች፣ ጥቁር የለበሰች ሴት ናት። ባልደረቦቿ ከጎኗ ያለውን ወንበር ክፍት ትተውላታል።

«አምና ሟቹ ሰክሮ እንደነበረ የመሰከርሽው አንቺ ነሽ?»

«ነኝ።»

«ከሥራ አስኪያጁ ጋር ትግባቡ ነበር ማለት ነው።»

«ጥላቻ አልነበረንም።»

«ትናንት ስንት ሰዓት ወጣሽ?»

«ሁሉም ሲወጣ። በጓሮው በር ነው የወጣሁት፤ ለቤቴ ያቀርበኛል።»

ኢንስፔክተሩ አመስግኖ አሰናበታት። በአቶ ያለኔ ሞት የሚጎዳ ሰው ቢኖር እሷ ናት፤ ከሠራተኛው ጥርስ የሚጠብቃት እሱ ነበርና። ስሟን ከተጠርጣሪዎቹ አወጣ።

ከሰዓት በኋላ አዛዡ ደወለለት። «ልጁን ይዘሃል። ዝቷል፣ ገብቷል፣ ሮጧል። ምን ቀረህ?»

«ልቤ አልተቀበለውም።»

«ልብህን ለሐኪም አሳየው። ነገ ለዐቃቤ ሕግ እንዲተላለፍ።»

ነገ። ልጁ በግድያ ከተከሰሰ ዕድሜውን እስር ቤት ይጨርሳል። ኢንስፔክተሩ ኮቱን ለብሶ ተመልሶ ወደ ሕንፃው ሄደ።

አዳራሹ ባዶ ነው። ዛፉ መብራቱ ጠፍቶ ቆሟል። ኢንስፔክተሩ በመወጣጫው ዙሪያ ተሽከረከረ፣ ተንበረከከ፣ ተነሣ። ከዚያ በዛፉና በግድግዳው መካከል ባለችው ጠባብ መንገድ ሆዱን አጥፎ ገባ። ከኋላ መብራቱ የጠፋ የመስታወት መስኮት አለ፤ የዕቃ ክፍል መሰለው። ወደ ዛፉ ሲዞር ያየው ነገር ግን አስቆመው። ከኋላ በኩል የታችኞቹ ቅርንጫፎች አንድ በአንድ ተዘርግተው፣ ኳስ ተንጠልጥሎባቸዋል። ቀይ፣ ወርቃማ፣ ቀይ፣ ወርቃማ፤ በጥንቃቄ። ከሱ አናት በላይ ግን ምንም የለም። እዚያ ያለው ቅርንጫፍ ከሳጥን እንደወጣ ተጣጥፎ፣ ሽቦውና የብረት ምሰሶው አግጦ ይታያል።

ዲኮር ሠሪዋን አስጠራት። መጥታ አንገቷን አስግጋ አየች፣ ከዚያም በእጇ አፏን ያዘች።

«ይሄን የሠራችሁት እናንተ አይደላችሁም?»

«ኢንስፔክተር፣ ዛፍ ጀርባ አለው። ወደ ግድግዳ የዞረውን ማን ያየዋል? ቅርንጫፉን እንኳ አንዘረጋውም፤ ጊዜም ኳስም ማባከን ነው። በዚህ ሥራ ስኖር ጀርባውን የሚያስጌጥ አንድ ሰው ብቻ ነው ያየሁት።»

«ማን?»

«ጋሽ መላ። የተረፈንን ኳስ ለምኖኝ ይወስድና ከኋላ ገብቶ ያንጠለጥላል። ‘ምን ያደርግልሃል?’ ስለው ይስቃል።» ወደ በሩ አየች። «እሱ ደግሞ አምና ሞተ። እኔ ከዚህ ቤት ልውጣ እንግዲህ።»

ሳጅኑ ይሄን ሲሰማ ፊቱ በራ። «በቃ ወንድሙ ነዋ! ወንድሙ ያደርግ የነበረውን አድርጎ፣ ተደብቆ ጠብቆ ገደለው።»

«አናቴ ላይ ነው ያቆመው። ያ ቀውላላ ልጅ እጁን ቢያነሣ የት እንደሚደርስ አይተሃል?»

«እጁን ሳያነሣ ሠርቶት ይሆናላ።»

ኢንስፔክተሩ ጣቢያ ተመልሶ ልጁን «የዛፉን ጀርባ ያስጌጥከው አንተ ነህ?» ብሎ ጠየቀው። ልጁ «የምን ጀርባ?» ብሎ አፈጠጠበት። ከወንድሙ ጋር አንድ ሕንፃ ውስጥ ሲሠሩ ኖረው ይሄን ወሬ እንኳ አልሰማም።

ሊሰማ የሚችል ሌላ ሰው አለ፤ ኢንስፔክተሩ ሰኞ ማለዳ የጋሽ መላን ሚስት ፍለጋ ሄደ። ሴትዮዋ የልብስ ንጽህና መስጫ ቤት ውስጥ ትሠራለች፤ ቅዳሜ ሙሉ ቀን እዚያው እንደነበረች ባለቤቱም ደንበኞቹም ተናግረዋል። ካውያዋን ሳታስቀምጥ ተቀበለችው።

«ባሌን ቀበርኩ፣ ስሙን ቀበሩት፣ አሁን ወንድሙን ልትቀብሩት ነው? ልጆቼ ትምህርት ቤት የሰካራም ልጅ እየተባሉ ነው። ውሸቱን የፈበረከው ሲሞት አንጀቴ ራሰ፤ አልዋሽህም። ገዳዩን ባገኘው ግን እጁን እስም ነበር፤ የባሌ ወንድም አይደለም እንጂ።»

«እንዴት አወቅሽ?»

«እሱ ቢሆን ኖሮ በር ላይ ቆሞ ይጮህ ነበር። አይደበቅም። የዛተ ገድሎ አያውቅም፤ ዝም ያለን ፍሩ።»

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ባልሽ የዛፉን ጀርባ ያስጌጥ ነበር አሉ። ለምን ነበር?»

ካውያው ቆመ። ከሸሚዙ ጭስ ሊነሣ ሲል አነሣችው።

«ለዚያች ለከሃዲዋ ነዋ። ለስልክ ኦፕሬተሯ። ክፍሏ ከዛፉ ኋላ ነው። በዓሉ እስኪያልፍ ድረስ መስኮቷን ሽቦ ይዘጋባታል። ‘ሰው ሁሉ በፊቱ ሲደሰት እሷ ለምን አጥንቱን ታያለች?’ እያለ ነበር የሚያንጠለጥልላት። እኔ እንኳ ቀንቼ ተጣልቼዋለሁ። ውለታውን እንዲያ አድርጋ መለሰችለት። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም፤ እኔ እስክሞት አልረሳላትም።»

ኢንስፔክተሩ በሩ ላይ ሲደርስ ቆም አለ። የሽማግሌው ስልክ ትዝ አለው። ቅዳሜ ከሰዓት ስልኩ ወደ ጥበቃው የሚዞረው ኦፕሬተሯ ስትወጣ ነው። ሽማግሌው ግን ምሳቸውን በሰላም በልተዋል፤ ስልኩ መጮህ የጀመረው ልጁ ሮጦ ከወጣ በኋላ ነው። ሴትዮዋ ሁሉም ሲወጣ አልወጣችም።

ሕንፃው ሥራ ጀምሯል። የስልክ ኦፕሬተሯ ክፍል በሩ ገርበብ ብሏል። ኢንስፔክተሩ አንኳኩቶ ገባ፣ በመስኮቱም በኩል አየ። ከወንበሯ ላይ የሚታየው ዛፍ አይደለም፤ እነዚያ ቀይና ወርቃማ ኳሶች፣ ከነሱ በላይ ደግሞ ራቁቱን የቀረ ብረት ነው። ኦፕሬተሯ ለአንድ ደንበኛ «ይጠብቁኝ፣ አገናኝዎታለሁ» እያለች ነበር። አገናኝታ ዞረች።

«ቅዳሜ ስልኩን ወደ ጥበቃው ያዞርሽው መቼ ነው?» አላት።

ዓይኗ ወደ ስልክ ማዞሪያው ሄደ።  ማዳመጫውን ከጆሮዋ አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

«ስወጣ» አለች።

«ሰው ገድለሽ፣ ቆመሽ ስልክ ታዞሪያለሽ?»

«ሳላዞር ወጥቼ አላውቅም። እጄ ነው ያዞረው፤ እኔ ለመሸሽ ነበር የማስበው።»

ኢንስፔክተሩ በሩን ዘግቶ ተቀመጠ። ሳጅኑ ደጅ ቆመ።

«አምና ጠርቶኝ ‘አፉ ይሸት ነበር በይ’ አለኝ። አልልም አልኩ። ‘ልጅ አለሽ፣ ሥራ አለሽ፤ ሁለቱም የሚኖሩሽ በኔ ነው’ አለኝ። አልኩ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ልመልሰው ብል ማን ይሰማኛል? ልብሱም አረማመዱም ልክ ነበር፤ እኔ ግን ሸተተኝ ብዬ ፈረምኩ። ለኔ ኳስ ሲያንጠለጥል የኖረ ሰው ነው።»

«ዘንድሮስ ምን ተለወጠ?»

«‘ያልሰከረ ሰው አይወድቅም’ ሲል ሰማሁት። ሰው ፊት ቆሞ፣ እየሳቀ። ከዚያ ቅዳሜ ደወለና ‘ልለማመድ ነው፣ ማንንም እንዳታገናኚኝ፤ ማንም እንዳያየኝ’ አለኝ። ከዛፉ ኋላ ገብቼ ጠበቅኩት። ቆየ። እጄ አላርፍ አለኝ። የተረፉት ኳሶች እግሬ ሥር ሳጥን ውስጥ ነበሩ።» መስኮቱን አየች። «እስከምደርስበት ነው የሠራሁት።»

«ከዚያስ?»

«መጣ። ወጣ። ብረቱ ሁሉ ይንቀጠቀጣል፤ ከፍርሃቱ ብዛት። ጫፉ ላይ ሲደርስ ወጣሁና የፍሬኖቹን መርገጫ አንድ በአንድ መታሁ። ድምፁን ሰምቶ ወደ ታች አየኝ። ‘ጌታዬ፣ ሰክረዋል እንዴ?’ አልኩት።»

ኢንስፔክተሩ መጻፉን አቆመ።

«ምን አለ?»

«‘ፍሬኑን ርገጪው!’ አለኝ። እንደ ትእዛዝ። እዚያ ላይ ሆኖም ያዝዘኛል። ቢለምነኝ ምናልባት እተወው ነበር፤ አላውቅም። መወጣጫውን ገፋሁት።»

«ይቆጭሻል?»

«አንዴ ብቻ መሞቱ ይቆጨኛል።»

«የጋሽ መላ ወንድም ከቅዳሜ ጀምሮ ታስሯል። ዛሬ ሊከሰስ ነው። ይሄን እያወቅሽ ስልክ ታነሻለሽ?»

የሴትዮዋ ፊት ለመጀመሪያ ጊዜ ተናደ።  «ዛሬ እናገራለሁ፣ አሁን እናገራለሁ እያልኩ ነው ያደርኩት። ልጄን አየሁና ዝም አልኩ። አምናም ልጄን አይቼ ነው። አንዱን ወንድም ሸጬ ሌላውን ልደግም ነበር። እኔ እንዲህ ያለሁ ሰው ነኝ፤ ጻፉት። ግን መጀመሪያ ሌላ ነገር ይጻፉልኝ። ከሁሉ በፊት ‘ሰውየው አልሰከረም ነበር፣ ዋሽቼ ነው’ የሚለው ይግባ። ያ ካልገባ አልፈርምም።»

«የግድያው ቃል ነው መቅደም ያለበት።»

«እንግዲያው ይፈልጉ። ስልክ ዘግይቶ ዞረ ብለው ሰው አያስፈርዱም።»

ኢንስፔክተሩ እያየችው አዲስ ወረቀት አወጣ። የጠየቀችውን ከላይ ጻፈ። ሌላውን ከሥሩ አስከተለ። ሳታነብ ፈረመች፤ ከዚያ መለስ ብላ የመጀመሪያውን መስመር ብቻ አነበበች።

ከሰዓት በኋላ የጋሽ መላ ሚስት ጣቢያ መጣች። የባሏ ወንድም ተፈትቶ በረንዳው ላይ ቆሟል፤ ቀበቶውን እያሰረ ነው። ሴትዮዋ ትከሻውን ነክታው አለፈችና ወደ ኢንስፔክተሩ ገባች።

«ማን ነው?» አለች።

«ገዳዩን ባገኘው እጁን እስማለሁ ብለሽኝ ነበር» አለ ኢንስፔክተሩ፤ እንዴት እንደሚጀምር ቸግሮት። «የስልክ ኦፕሬተሯ ናት።»

ሴትዮዋ ወንበሩን ይዛ ቀስ ብላ ተቀመጠች።  ፊቷ ላይ ደስታም ሐዘንም አልተቀመጠም፤ ይመጣና ይሄዳል። ኢንስፔክተሩ የእምነት ቃሉን አንሥቶ ያነብላት ጀመር።

«‘አምና የሞተው የጥገና ሠራተኛ አልሰከረም ነበር። ሽታ አልሸተተኝም። ዋሽቼ ነው የመሰከርኩት።’»

«ይድገሙልኝ።»

ደገመላት።

«አንዴ ደግሞ። በሩን ክፈቱትና፣ ወንድሙም ይስማ።»

ሳጅኑ በሩን ከፈተ። ኢንስፔክተሩ ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበ። በረንዳው ላይ የነበሩት ባለጉዳዮች ሁሉ ዞረው አዩ። ወጣቱ ቀበቶውን ይዞ እንደቆመ ቀረ። ኢንስፔክተሩ ወደ ሁለተኛው መስመር ሲሻገር ሴትዮዋ እጇን አነሣች።

«እሱ የናንተ ጉዳይ ነው። የኔ እዚያ ላይ አለቀ።» ተነሥታ ነጠላዋን አስተካከለች። «ከሷ ጋር ትገናኛላችሁ?»

«አሁን ወዳለችበት እስር ክፍል ልወርድ ነው።»

«እንግዲያው ሰምታለች በሏት። ይቅር ብላለች እንዳትሏት፤ አላልኩም። ሰምታለች ብቻ በሏት።»

የባሏን ወንድም ክንድ ይዛ ወጣች። ኢንስፔክተሩ ወረቀቱን አጥፎ ወደ እስር ክፍሉ ወረደና፣ ቃል ሳይጨምር ቃል ሳይቀንስ ነገራት።